የተቃጠለ ዘይትና የናፍጣ ሞተር፤ ከአውግስቡርግ እስከ ጣና ዳር

የናፍጣ ሞተር ባለበት ሁሉ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይገኛሉ። አንደኛው ሁልጊዜ የሚፈለገውና አልፎ አልፎ የሚጠፋው ናፍጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ማንም የማይፈልገውና ከቶ የማይጠፋው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። ሁለቱም ከአንድ ድፍድፍ የወጡ በመሆናቸው፣ ናፍጣ ባጠረ ቁጥር የተቃጠለውን ዘይት አጣርቶ በናፍጣ ቦታ የመጠቀም ሐሳብ ይነሣል። ሐሳቡ ለመናቅ የሚገባው አይደለም። ነገር ግን የመጣበትን መንገድ ሳያውቁ መቀበልም ሆነ መጣል የመሐንዲስ ተግባር ስላልሆነ፣ ታሪኩን ከመነሻው መመልከት ያስፈልጋል። በተለይም በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዙሪያ ጉዳዩ የሞተር ብቻ ሳይሆን የውሃም ጉዳይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሩዶልፍ ዲዝል በ1892 የፈጠራ መብት ከጠየቀ በኋላ፣ በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ በ1897 የተሳካ ሞተር አቁሞ አስፈተነ። ይህ ሞተር ከነዳጁ ሙቀት ከመቶ 26 ያህሉን ወደ ሥራ በመለወጡ የዘመኑን የእንፋሎት ሞተሮች እጅግ በልጦ ተገኘ። በ1900 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ደግሞ አንድ አነስተኛ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሠርቶ ታየ። «የናፍጣ ሞተር ያገኘውን ሁሉ ይበላል» የሚለው እምነት ሥር የሰደደው ከዚህ ዓይነቱ ትርኢት ነው። ሆኖም የዚያ ዘመን ሞተር ከባድና ዝግ ብሎ የሚዞር፣ ነዳጁንም በታመቀ አየር ኃይል ወደ ሲሊንደር የሚነፋ ነበር። በ1927 የሮበርት ቦሽ ፋብሪካ የናፍጣ ፓምፕ በብዛት ማምረት ሲጀምር ሞተሩ አንሶና ፈጥኖ በካሚዮንና በትራክተር ላይ ለመዋል በቃ። ለዚህ ፍጥነት የተከፈለው ዋጋ ግን ረቂቅነት ነው። የፓምፑ ዘንግና ቤቱ የሚለያዩት በጥቂት ማይክሮን ብቻ ሲሆን፣ የሰው ጠጉር ውፍረት እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ «ሁሉን የሚበላው» ሞተርና ዛሬ በየመንገዱ የሚታየው ሞተር ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ጠባያቸው የተለያየ ነው።

የተቃጠለ ዘይትን መልሶ የመጠቀም ታሪክም ረጅም ነው። ዘይት በሥራ ብዛት ይቆሽሻል እንጂ መሠረቱ በቀላሉ አያልቅም። በመሆኑም በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን ያገለገለ ዘይት ተሰብስቦ እንደገና ይጣራ ነበር። የተለመደው ዘዴ ቆሻሻውን በሰልፈሪክ አሲድ አጥቦ በሸክላ አፈር ማጣራት ነው። ዘይቱ ይጠራል፤ ነገር ግን ከሥሩ የሚቀረው አሲድ የተቀላቀለበት ጥቁር ዝቃጭ የሚጣልበት ቦታ ጠፋ። ስለዚህም ከጊዜ በኋላ አየር በተቀነሰበት ዕቃ ውስጥ አፍልቶ የማጥለል ዘዴ ቦታውን እየተረከበ ሄደ። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1975 ስለ ያገለገሉ ዘይቶች መመሪያ አወጣ፤ በ1987ም ማሻሻያ አድርጎ ዘይቱን ከማቃጠል ይልቅ እንደገና ዘይት ለማድረግ ቅድሚያ ሰጠ። በአሜሪካ በ1992 የወጣው ደንብ በበኩሉ የካሚዮን ባለቤት የራሱን የተቃጠለ ዘይት ከናፍጣ ጋር ቀላቅሎ በራሱ መኪና እንዲያነድ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ይህ የተፈቀደው ብዙ ናፍጣ በጥቂት ዘይት እንዲቀላቀል ታስቦ እንጂ ዘይቱ ናፍጣውን ይተካል ተብሎ አይደለም።

ወደ ጣና ሲመጣ፣ በሐይቁ ላይ ለብዙ ዘመን ሰውንና እህልን ያመላለሰው ከደንገል የተሠራው ታንኳ ነው። የኒው ዮርኩ ጄ. ጂ. ዋይት የምሕንድስና ኩባንያ በ1930 እና በ1931 ለግድብ ሥራ ሐይቁን ሲያጠና አካባቢው ከሞተር ድምፅ የራቀ ነበር። ሞተር በስፋት የገባው በጣሊያን ወረራ ዘመን ማለትም ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ነው። ናፍጣ፣ ካምቢዮ፣ ፍሬንና ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት በመካኒኮች አፍ ላይ መቅረታቸው የዚያን ጊዜ አሻራ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር በ1961 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመ ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት፣ በ1964 ደግሞ የጢስ ዓባይን የኤሌክትሪክ ኃይል አገኘች። ውሃው መብራቱንና ፋብሪካውን ከናፍጣ ጥገኝነት አላቀቀ። ከባሕር ዳር ተነሥታ በዘጌና በደቅ በኩል ወደ ጎርጎራ የምትቀዝፈው የሞተር ጀልባ፣ እንዲሁም ካሚዮኑና ትራክተሩ ግን ከነዳጅ ሊላቀቁ አልቻሉም። በ1986 የዓሣ ማስገር ሥራ በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ መካሄድ ሲጀምር በሐይቁ ላይ የሞተሩ ቁጥር ይበልጥ ጨመረ።

ነዳጁ የሚመጣው ከሩቅ ነው። በሶቪየት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ ፋብሪካ በ1967 ሥራ ጀመረ። በ1973 የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር ውጤቱ ፈጥኖ ኢትዮጵያ ደረሰ፤ በየካቲት 1974 የተደረገው የቤንዚን ዋጋ ጭማሪም የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችን አሳድሞ ለአብዮቱ መፈንዳት አንድ ምክንያት ሆነ። የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ተዘጋ፤ በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ራሱ ተቋረጠ። ከዚያ ጀምሮ የተጣራ ነዳጅ በጅቡቲ በኩል እየገባ፣ ባሕር ዳር እስኪደርስ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በቦቴ ይጓዛል። መንግሥት በ2007 የሥነ ሕይወት ነዳጅ ስትራቴጂ አወጣ፤ በ2008ም ከስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር በመቶ 5፣ ቆይቶም በመቶ 10 እየተቀላቀለ መሸጥ ጀመረ። ይህ ሁሉ ግን የቤንዚንን እንጂ የናፍጣን ችግር አላቀለለም። በርሜል ውስጥ የተከማቸው ጥቁር ዘይት ዓይን የሚስበው በዚህ ጊዜ ነው።

ማጣራት ምን ያደርጋል? ዘይቱን በበርሜል አስቀምጦ ማዝቀጥ ውሃውንና ከባዱን ቆሻሻ ከታች ያስቀራል፤ ማሞቅ ያፈጥነዋል። በጨርቅ፣ ቀጥሎም ከ5 እስከ 10 ማይክሮን በሚይዝ ፊልትሮ ማሳለፍ የብረት ብናኙን ይቀንሳል። ወተት ሲሽከረከር ክሬሙ እንደሚለይ፣ የስዊድኑ ጉስታፍ ደ ላቫል በ1878 የሠራው የወተት ማሽን ዘር የሆኑት ሴፓሬተሮችም በመርከቦች ላይ ዘይትና ነዳጅ ያጠራሉ። ነገር ግን የሞተር ዘይት ጥላሸትን አንሳፍፎ እንዲይዝ ሆኖ የተቀመመ ነው። አብዛኛው ጥላሸት ከአንድ ማይክሮን ስለሚያንስ ከፊልትሮው ጋር ሳይተዋወቅ ያልፋል። በዘይቱ የሟሙት ዚንክ፣ ካልሲየምና ፎስፎረስ ደግሞ ጨርቅም ፊልትሮም አይዛቸውም፤ ሲነዱ አመድ ይሆናሉ። ውፍረቱም ሌላ ችግር ነው፤ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞተር ዘይት ከናፍጣ በሠላሳ እጥፍና ከዚያ በላይ ይወፍራል። ወፍራም ነዳጅ በኖዝሉ ጉም ሆኖ አይረጭም፤ በጠብታ ይወርዳል እንጂ። በዚህ ላይ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከወደብ ከተማ በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። አየር ያነሰው ሞተር ንጹሕ ናፍጣን እንኳ ለማንደድ ይቸገራል፤ ጠብታውን ደግሞ ወደ ጥላሸት ይለውጠዋል።

ለአታላይነቱ ምክንያቱ ሞተሩ በመጀመሪያው ቀን መነሣቱ ነው። ጭሱ ትንሽ ይጠቁራል እንጂ ጉልበቱ አይጓደልም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ ኖዝሉ ቀስ በቀስ ይደፈናል፤ የፒስቶን ቀለበቶች በአመድ ይጣበቃሉ፤ ፓምፑ ይፋቃል። በካሚዮን ላይ ይህ የጋራዥ ወጪ ነው። በሐይቅ መካከል ማዕበል ሲነሣ ሞተሩ ለጠፋበት ጀልባ ግን የሰው ሕይወት ነው።

ትርፉንም መቁጠር ይገባል። ለምሳሌ ያህል በ100 ኪሎ ሜትር 35 ሊትር የሚያነድ ካሚዮን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ 35 ሊትር ዘይት ይቀይራል እንበል። በዚህ መንገድ የሚያነደው ናፍጣ 3,500 ሊትር ስለሆነ፣ የተቃጠለው ዘይት ሳይባክን ሁሉ ወደ ነዳጅነት ቢለወጥ የሚተካው ከመቶ አንዱን ብቻ ነው። ለመቶ አንዷ እጅ ብሎ ፓምፑን ማጣት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

ይህ ማለት ግን ዘይቱ ይጣል ማለት አይደለም። ከናፍጣው ይልቅ የሚያሳስበው መድፋቱ ነው። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ በአማካይ ከ10 ሜትር በታች ነው። የዳርቻው ሕዝብና የደሴቶቹ ገዳማት ውሃውን ይጠጡታል፤ ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች ይኖሩበታል፤ ዓባይም ከእርሱ ይወጣል። በ2015 ዩኔስኮ አካባቢውን በሕይወት ክልልነት መዝግቦታል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የባዝል ስምምነት ያገለገለ የማዕድን ዘይትን ከአደገኛ ቆሻሻዎች መድቦታል፤ በ2018 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1090ም የአደገኛ ቆሻሻን አያያዝ ይደነግጋል። ማጣራትም ቢሆን ቆሻሻውን ቦታ ያስለውጠዋል እንጂ አያጠፋውም። ከበርሜሉ ሥር የቀረው ዝቃጭና የተጣለው ፊልትሮ ከዘይቱ የባሰ መርዝ የያዙ ናቸው።

የመቶ ዓመቱ ታሪክ እንግዲህ የሥራ ቅደም ተከተል ያመለክታል። አስቀድሞ፣ ዘይቱ በየጋራዡና በየጀልባ ማቆሚያው ክዳን ባለው በርሜል፣ ከውሃና ከቤንዚን ሳይቀላቀል ይሰብሰብ። ቀጥሎም፣ መጠኑ ሲበዛ እንደገና ዘይት ወደሚሆንበት ማጣሪያ ይላክ፤ የዘይት መሠረት በዘይትነቱ ከነዳጅነቱ ይልቅ ዋጋ አለውና። ማንደድ ግድ ከሆነም ለዚሁ በተሠራና ሙቀቱ ከፍ ባለ ምድጃ እንጂ ረቂቅ ፓምፕ ባለው ሞተር አይሁን። ለእንጨት ምስጥ መከላከያና ለኮንክሪት ማፍሰሻ ሳንቃ መቀቢያ የሚውለውም ከሐይቁና ከጉድጓድ ውሃ የራቀ ይሁን። ይህን ሥራ ለመጀመር ትልቅ ፋብሪካ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በርሜል፣ ክዳንና በርሜሉን የሚጠብቅ ኃላፊ ይበቃሉ።