ደረሰኝ ያተረፋቸው ነፍሶች፦ የ1937ቱ ሽሮፕ ታሪክ

ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ኢስሊ፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ ሽሮፕ ስንገዛ አብዛኞቻችን የምናየው ዋጋውንና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ነው። ዕቃው ከማን እጅ እንደመጣ የሚያሳየውን ወረቀት የቀረጥ ጣጣ አድርገን ነው የምንቆጥረው። እስቲ ያ ወረቀት ነፍስ ያተረፈበትን የአሜሪካ ታሪክ ላጫውታችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1937 በቴነሲ ግዛት የሚገኘው ማሰንጊል የተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ሰልፋኒላማይድን በሽሮፕ መልክ አወጣ። መድኃኒቱ በእንክብልና በዱቄት ሲሸጥ የቆየ፣ ሕዝቡም ያመነው ነበር። የኩባንያው ኬሚስት ግን ዱቄቱን ያሟሟው በዲኤቲሊን ግላይኮል ነው። ይህ ፈሳሽ ይጣፍጣል፤ ኩላሊትን ግን ይገድላል። ኩባንያው የሽሮፑን ጣዕም፣ መልክና ሽታ ፈትሾ ወደ ገበያ ላከው። ሰው ይጎዳ እንደሆነ አልፈተሸም፤ ሕጉም አያስገድደውም ነበር።

በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ኩባንያው ለደንበኞቹ መጀመሪያ የላከው ቴሌግራም «ዕቃውን መልሱ» አለ እንጂ ይገድላል አላለም። ግልጽ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሁለተኛ ቴሌግራም የተላከው መንግሥት ከጠየቀ በኋላ ነው።

ከዚያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች በየከተማው ተበተኑ። መሪያቸው የሽያጭ ደረሰኝና የማጓጓዣ ሰነድ ነበር፤ ከፋብሪካ ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይ ወደ መድኃኒት ቤት፣ ከዚያም ወደ ሕመምተኛው ቤት። የገዢው ስም ያልተጻፈበት ቦታ ግን ፍለጋው ከባድ ሆነ። ያም ሆኖ ከተመረተው 240 ጋሎን አብዛኛው ተሰብስቦ ብዙ ሰው ተረፈ።

የሚገርመው፣ ሽሮፑን ለመያዝ የቻሉት በስሙ ምክንያት ነው። «ኤሊክሲር» የሚለው ስም አልኮል ያለበት ማለት ነበር፤ ይህ ግን አልኮል አልነበረበትም። ስሙ ሌላ ቢሆን ኖሮ ሕጉ እጃቸውን ያስር ነበር። በ1938 አዲስ ሕግ ወጣ፦ አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ጉዳት እንደሌለው ይረጋገጥ ተባለ።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ጋምቢያ ውስጥ በተገኙ አራት የሕፃናት ሽሮፖች ላይ ያንኑ ዲኤቲሊን ግላይኮል ማግኘቱን አስታወቀ፤ የ66 ሕፃናት ሞት ከእነሱ ጋር ሊያያዝ እንደሚችልም ተናገረ። ጠርሙሱን አገላብጦ በማየት መርዙን ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ ፈቃድ ኖሯችሁ መድኃኒት የምትነግዱ ወገኖቼ፣ ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ባች ቁጥሩ የሠፈረበት ደረሰኝ ጠይቁ። ሻጩ እምቢ ካለ ዕቃውን ተዉለት። ለማን እንደሸጣችሁም መዝግቡ። አንድ ቀን «ይህን ባች አቁሙ» የሚል ማስታወቂያ ቢወጣ፣ እናቲቱ ለልጇ ማንኪያውን ከመስጠቷ በፊት ልትደውሉላት የምትችሉት ያኔ ነው።