ከኮምፓስ እስከ ሳተላይት፦ በመንዝ ደጋ አቅጣጫና ቦታ የማወቅ ታሪክ

የመንዝና የግሼ ደጋ በቀደሙት የአውሮፓ ካርታዎች ላይ የሰፈረው በአብዛኛው በጉዞ ሰዓት ግምት ነው። ሚስዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ከአንኮበር ተነሥቶ፣ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ በሚኖሩበት በሰላ ድንጋይ በኩል፣ መንዝንና ግሼን አቋርጦ ወሎ ገባ። የእሱና የባልደረባው የኢዘንበርግ ማስታወሻ በ1843 ለንደን ላይ ሲታተም መልክዓ ምድራዊ መግቢያውን የጻፈው ጄምስ ማክዊን አፍሪካን ረግጦ አያውቅም። ማዶ የሚታይ መንደር ለመድረስ ቆላ ወርዶ ዳገት መውጣት ቀን በሚፈጅበት በዚህ አገር፣ በሰዓት የተገመተ ርቀት ከእውነቱ መራቁ አይቀርም።

ለኮምፓስ ግን ከዚህ የሚመች አገር ጥቂት ነው። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በአዲስ አበባ አካባቢ ስለሚያልፍ፣ በመንዝ ከተማ በመሐል ሜዳ መርፌው ወደ ምድር እምብዛም ሳያዘነብል አግድም ይቆማል፤ በአግድም የሚስበውም ኃይል በሰሜን አውሮፓ ካለው እጥፍ ገደማ ነው። ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (1957–58) ሲታወጅ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ያቋቋመው፣ የምድርን መግነጢስ ከዚህ ወገብ ሥር ለመመዝገብ ነበር። ሥራውን የመራው ኢየሱሳዊው ፒየር ጉዋን ነው። ኮምፓሱን የሚያስተው ግን ደጋው የተሠራበት ጥቁር ድንጋይ ነው። መብረቅ የመታው ድንጋይ መግነጢስ ስለሚይዝ፣ መርፌውን በገደል አፋፍ ላይ አቅጣጫ ያስለውጠዋል።

ትክክለኛ ልኬት የመጣው ከዓባይ ተፋሰስ ጥናት ጋር ነው። የመንዝ ምዕራባዊ ወንዞች በወንጪትና በጀማ በኩል ዓባይ ይገባሉ። ከ1957 ጀምሮ የአሜሪካ ቀያሾች ከተራራ ጫፍ ወደ ተራራ ጫፍ እያነጣጠሩ የዘረጉት የሦስት ማዕዘን መረብ መነሻው በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ያለው አዲንዳን ነበር። የኢትዮጵያ ካርታዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚሁ መነሻ ተሠርተዋል። በዚያው ዘመን ደቡብ አፍሪካዊው ትሬቨር ዋድሊ የሠራው ቴሉሮሜትር ርቀትን በሬዲዮ ሞገድ መለካት አስቻለ፤ ሰንሰለት ሊጎተትበት ለማይችል ገደላማ አገር ትልቅ እርምጃ ነበር።

የጂፒኤስ የመጀመሪያ ሳተላይት በ1978 ተወነጨፈ፤ በ1995 ሥርዓቱ በ24 ሳተላይቶች ሙሉ አገልግሎት ጀመረ። አሜሪካ ለሲቪሎች የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብላ ማበላሸቷን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ስታቆም፣ እስከ መቶ ሜትር ይደርስ የነበረው ስሕተት ወደ አሥርና ሃያ ሜትር ወረደ። ይሁንና የጂፒኤስ ቁጥር ሳይቀየር በአዲንዳን ካርታ ላይ ከሰፈረ ነጥቡ ከመቶ ሜትር በላይ ይርቃል። በመንዝ ይህ ልዩነት በሜዳና በገደል መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

መቀበያው ቦታውን ለማወቅ የአራት ሳተላይቶችን ምልክት ይፈልጋል፤ የጀማ ሸለቆ ግድግዳዎች ግን ሰማዩን ያጠባሉ። ስለዚህ የተሽከርካሪና የስልክ መሣሪያዎች ፍጥነትና መዞርን የሚለኩ ዳሳሾችን ይጨምራሉ፤ ምልክቱ እስኪመለስ ድረስም ከመጨረሻው ከታወቀው ነጥብ እያሰሉ ይቀጥላሉ። የስልኩ ኮምፓስም እንደ ቀድሞው መርፌ በጥቁር ድንጋይ ይታለላል።

ኮምፓስን ያገዘው መግነጢሳዊ ወገብ የሳተላይት ምልክትን ያውካል። በዚህ ቀበቶ ላይ ያለው አዮኖስፌር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይታወካል፤ በተለይ ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት በመጋቢትና በመስከረም ምልክቱ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ይቋረጣል። ሁለት ድግግሞሽ የሚቀበሉ መሣሪያዎች መዘግየቱን አስልተው ያርማሉ፤ መንቀጥቀጡን ግን አያስቀሩትም። በዚህ ምክንያት ጥንቃቄ የሚሻ ቅየሳ በቀን ቢሠራ ይመረጣል።