ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያለው የደም ጠብታ

በትዳር ልጅ ሲጠፋ ጣት ቀድሞ የሚቀሰረው ሚስት ላይ ነው። «መካን» ተብላ የተፈታች ስንቷ ናት! የወንዱ ድርሻ በዘረመል ደረጃ የታየው ግን ገና በቅርብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ጣሊያናውያኑ ቲዬፖሎና ዙፋርዲ የመውለድ ችግር ያለባቸውን 1,170 ወንዶች መረመሩ። በስድስቱ ላይ የዋይ ክሮሞዞም ጫፍ ጎድሎ አገኙት፤ ስድስቱም በዘር ፈሳሻቸው ውስጥ የዘር ሕዋስ አልነበረም። በ1996 ደግሞ ጀርመናዊው ፎግትና ባልደረቦቹ ጉድለቱ የሚደርስባቸውን ሦስት ክልሎች ለዩ፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ ተባሉ።

በመካከሉ፣ በ1992፣ ብራስልስ ላይ አንድ የዘር ሕዋስ በመርፌ እንቁላል ውስጥ አስገብቶ ማስፀነስ እንደሚቻል ተረጋገጠ። ሐኪሞችም ከቆለጥ በቀዶ ሕክምና ዘር መፈለግ ያዙ። የሦስቱ ክልሎች ጥቅም ያን ጊዜ ገሃድ ወጣ። ኤ ወይም ቢ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ፍለጋው ከንቱ ነው ማለት ይቻላል፤ የጠፋው ሲ ብቻ ከሆነ ግን ከሁለት ወንዶች በአንዱ ገደማ ዘር ይገኛል። በዚህ መንገድ የሚወለድ ወንድ ልጅ ጉድለቱን ከአባቱ ይወርሳልና ባልና ሚስት አስቀድመው ሊመክሩበት ይገባል።

ምርመራው ሁሉን አይመልስም። ጉድለት ያልተገኘበት ሰው ዘር ይገኝለታል ማለት አይደለም። ቢሆንም ትንሽ ደም ሰጥቶ ከከንቱ ቀዶ ሕክምና መዳን ቀላል ነገር አይደለም። ራሱ ሳይመረመር ሚስቱን የሚፈታ ባል ግን ጥያቄውን ሳይጠይቅ ፈርዷል።