የከሰል ሥዕል በአገራችን

ከሰል በብዙዎቻችን ዘንድ የሚታወቀው ለቡናና ለወጥ ማብሰያነቱ ነው። ከስምጥ ሸለቆ ግራር ከስሎ፥ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ ከተማ የሚገባው ሁሉ መድረሻው ምድጃ ነው። ነገር ግን ይኸው ጥቁር ነገር ከሥዕል መሣሪያዎች ሁሉ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው። በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1994 በተገኘው በሾቬ ዋሻ በከሰል የተሣሉት አውራሪሶችና ፈረሶች ከ30,000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው ሊቃውንት ያወቁት ራሱን ከሰሉን መርምረው ነው። (በአገራችን በግድግዳ ላይ በከሰል የጫረ ልጅ ግን እስከ ዛሬ የሚተርፈው ቁጣ ብቻ ነው።)

የከሰል ሥዕል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው ሲባል ይሰማል። መሥራቹ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ አገር በቺካጎ የተማሩ ስለ ነበሩ፥ አባባሉ እውነት ይመስላል፤ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ይህ ትምህርት ቤት በስማቸው ይጠራል። ይሁን እንጂ ነገሩ በሚገባ ቢመረመር እውነትነቱ ግማሽ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከጥንት ጀምሮ ከሰልን ያውቀዋል። ሥዕሉን የሚሠራው ብዙ ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ላይ ሲሆን፥ ጨርቁም ከመቅደሱ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። አስቀድሞ የመልአኩን ክንፍ፥ የፈረሱን አንገት፥ የቅዱሱን ዐይን በከሰል ይነድፋል። ከሰል ከጨርቁ ጋር አጥብቆ ስለማይያያዝ፥ መስመሩ ያላማረው እንደ ሆነ በእጁ አራግፎ እንደ ገና ይጀምራል። መስመሩ ሲቀናለት በቀለም ይሸፍነዋል፤ በመጨረሻም ዳር ዳሩን በጥቁር ቀለም ያጠናዋል። ይህም ጥቁር ቀለም ቢሆን የከሰል ዘመድ ነው፤ የብራና ጸሐፊዎች ጥላሸትን ከአረረ እህል፥ ከቅጠልና ከሙጫ ጋር ዘፍዝፈው ለወራት እያማሰሉ ያዘጋጁት ነበርና። ስለዚህ ሠዓሊው በከሰል ጀምሮ በጥላሸት ይጨርሳል፤ የመጀመሪያው መስመር ግን ከቀለሙ በታች ተቀብሮ ይቀራል። ማንም ስላላየው፥ የለም ተባለ።

እንግዲያስ በ1950 ዓ.ም. ምን መጣ? በእኔ አስተያየት የመጣው ጥላው ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት የጎንደር ሠዓሊዎች የፊትን ጉንጭና አንገት በጥላ ማለስለስ ጀምረው ነበር፤ ነገር ግን የሥዕሉ ሕይወት እንደ ቀድሞው በመስመሩ ላይ ነበር። በአዲሱ ትምህርት ግን ተማሪው ከሰሉን በጎኑ አጋድሞ ይጎትታል፥ በጣቱ ያሻሻል፥ ብርሃን በሚያርፍበት ቦታ ላይ ደግሞ ያነሣዋል። (አውሮፓውያን ለዚህ ሥራ የዳቦ ፍርፋሪ ይጠቀሙ ነበር።) ከሰሉም ቢሆን የምድጃው አይደለም፤ የግራር ከሰል ጠጣር ሆኖ ወረቀት ይቧጥጣልና፥ ለሥዕል የሚሆነው ቀጭን የአኻያ ወይም የወይን ጭራሮ አየር በማይገባው ዕቃ ውስጥ ከስሎ ነው። ሥራው ሲያበቃ ዱቄቱ እንዳይረግፍ በአልኮል የሟሟ ሙጫ ይነፋበታል። ቀድሞ ንድፍ ብቻ የነበረው በዚህ ዓይነት ራሱን የቻለ ሥዕል ሆነ።

ሁለቱን መንገዶች በአንድ ሰው ሕይወት ለማየት የሚፈልግ ገብረ ክርስቶስ ደስታን ያስታውስ። በ1924 ዓ.ም. በሐረር ተወልደው፥ አባታቸው አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ሲያስጌጡ እያዩ አደጉ፤ በኋላም በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምረው ሲመለሱ በዚያው በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሩ።

በ1955 እ.ኤ.አ. በጆሃንስበርግ የተወለደው ዊልያም ኬንትሪጅ ደግሞ በከሰል ይሥላል፥ ያጠፋል፥ በዚያው ወረቀት ላይ እንደ ገና ይሥላል፤ እያንዳንዱንም ለውጥ በፊልም ያነሣል። የጠፋው መስመር ጥላ በወረቀቱ ላይ ይታያል፤ የዘመናት ግፍ ሳይረሳ እንዲታይ የሚያደርገውም በዚሁ ነው። የእኛዎቹ ሠዓሊዎች ያራገፉት መስመር ግን አብሮ ጠፍቷል።

በቀለም የተሸፈነው ግን አልጠፋም። ከሰል ዐይን የማያየውን ከቀይ በታች ያለ ብርሃን ስለሚውጥ፥ ለዚህ የተሠራ ካሜራ ቀለሙን አልፎ የተቀበረውን ንድፍ ለማውጣት ይችላል። በጣና ደሴቶችና በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች፥ ዝናብና ምስጥ ካልቀደመ፥ በዚህ መንገድ ሊመረመሩ ይችላሉ።