የቤት ፊት የማን ነው?

ሰው በገዛ ገንዘቡ የገዛው ወይም ከአባቱ የወረሰው ቤት የራሱ ለመሆኑ የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ወደ መንገድ የዞረውን ግንብና መስኮት፥ በርና ሰገነት፥ ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን መንገደኛው ሁሉ በየቀኑ ያየዋል። እንግዲህ ባለቤቱ ይህን የቤቱን ፊት እንደ ፈቀደ ለመለወጥ፥ ወይም ጨርሶ ለማፍረስ ይችላልን? ወይስ የከተማው ሕዝብ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል? በአሜሪካ አገር ይህን ጥያቄ በከተማ ሕግ ለመመለስ ቀድማ የተነሣችው በሳውዝ ካሮላይና ግዛት ያለችው የቻርልስተን ከተማ ስለ ሆነች፥ ታሪኳን በአጭሩ እንናገራለን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቻርልስተን በ1670 በእንግሊዞች የተቈረቈረች የባሕር ወደብ ናት። ባለጠጋ ያደረጋት በአካባቢዋ እርሻዎች የሚመረተው ሩዝና ኢንዲጎ የተባለው የሰማያዊ ቀለም ተክል ሲሆን፥ ያን እርሻ ያለሙት ከአፍሪቃ በባርነት የተጋዙ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ጡቡን ከደረደሩት፥ እንጨቱን ከጠረቡት፥ ብረቱን ከቀጠቀጡት መካከልም ብዙዎቹ እነርሱ ነበሩ። ከዚህም ድካም በጠባብ ጐናቸው ወደ መንገድ የቆሙ፥ በረጅሙ ጐናቸው በረንዳ የተዘረጋላቸው ልዩ ቤቶች ተሠሩ። ከ1861 እስከ 1865 የተደረገው የርስ በርስ ጦርነትና በ1886 የደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዪቱን አደኸዩአት። ይሁን እንጂ አፍርሶ እንደገና ለመሥራት የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበረ፥ አሮጌው ቤት በቦታው ቀረ። ድኽነት ሳያስበው የቅርስ ዘበኛ ሆነ ማለት ነው።

ነገሩ የተለወጠው አውቶሞቢል ሲበዛ ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት አሮጌ ቤቶች እየፈረሱ በቦታቸው የቤንዚን ማደያ ይተከል ጀመር። የተቀረጸውን የግድግዳ እንጨትና የብረቱን ሥራ ደግሞ ቤተ መዘክሮችና ቅርስ ሰብሳቢዎች እየገዙ ወደ ሌላ ከተማ ይወስዱት ነበር። በ1920 ሱዛን ፕሪንግል ፍሮስት የተባለች፥ በቤት ሽያጭ ሥራ የምትተዳደር ሴት፥ ወዳጆችዋን ሰብስባ የጥንት ቤቶች መጠበቂያ ማኅበር አቋቋመች። የማኅበሩ የመጀመሪያ ጭንቀት በ1803 ገደማ የተሠራው የጆሴፍ ማኒጎ ቤት ነበር። ቤቱ ከመፍረስ ቢድንም የአትክልቱ ቦታ ተሽጦ የቤንዚን ማደያ ሆነ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው፤ የማኅበር ገንዘብ አንድ ቤት ያድናል፥ ሰፈርን ግን ሊያድን አይችልም።

ስለዚህ ነገሩ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። ቶማስ ስቶኒ ከንቲባ በነበረበት ዘመን፥ በጥቅምት ወር 1931 በወጣው ሕግ 56 ሄክታር የሚያህል የከተማው ክፍል «አሮጌና ታሪካዊ ሰፈር» ተብሎ ተከለለ። በዚህ ክልል ውስጥ አዲስ ቤት የሚሠራ ወይም የነባሩን ቤት ውጭ የሚለውጥ ሰው ሁሉ ፕላኑን ለአንድ መርማሪ ጉባኤ እንዲያቀርብ ታዘዘ። የጉባኤው አባሎች አምስት ሲሆኑ፥ ከከተማው የፕላን ኮሚሽን፥ ከሥነ ጥበብ ማኅበር፥ ከአርክቴክቶች፥ ከመሐንዲሶችና ከቤት ሻጮች የተውጣጡ ነበሩ። እነርሱም የሚመረምሩት ከሕዝብ መንገድ የሚታየውን ብቻ ነበር፤ ባለቤቱ በቤቱ ውስጥ የሚያደርገው አይመለከታቸውም።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ሕግ ሲወለድ ጥርስ እንዳልነበረው ልብ በል። ጉባኤው መስኮት እንዳይለወጥ ለመከልከል ሲችል፥ ቤቱ በሙሉ እንዳይፈርስ ለመከልከል ግን ሥልጣን አልነበረውም! ስለዚህ በምክር መሥራት ነበረበት። በ1944 በከተማው ያሉ ከ1,100 በላይ ሕንፃዎች በየማዕርጋቸው ተመዝግበው በመጽሐፍ ታተሙ፤ ሕዝቡም ያለውን ሀብት ዐወቀ። በ1959 ጉባኤው ማፍረስን ለጊዜው የማዘግየት ሥልጣን አገኘ። ቢሆንም በማግሥቱ ዓመት፥ በ1839 የተሠራው ባለ ብዙ ዐምዱ የቻርልስተን ሆቴል ፈርሶ በስፍራው የአውቶሞቢል መንገደኞች ማደሪያ ተተከለ። በ1966 ግን የክልሉ ወሰን ሰፋ፤ ጉባኤውም ማፍረስን ለመከልከል ተፈቀደለት። ከምክር ወደ ክልከላ ለመድረስ 35 ዓመት ፈጀ።

ምሳሌነቱ ወደ ሌሎች ከተሞች ተሻገረ። በኒው ኦርሊንስ የፈረንሳዮች ሰፈር ይህን የመሰለ ኮሚሽን በ1937 ሲቋቋም፥ አንድ የቤንዚን ማደያ ባለቤት «ሕንፃዬ አዲስ ነው፤ የጥንት ቤት ሕግ አይነካኝም» በሚል አሳብ በትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ምክንያት ተከራከረ። የሉዊዚያና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ1941፥ ሕጉ የሚጠብቀው ነጠላ ነጠላ ቤቶችን ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ጠቅላላ መልክ ነው ብሎ ፈረደበት። በ1978 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኒው ዮርክ ስለሚገኝ ታላቅ የባቡር ጣቢያ ሲፈርድ፥ ቅርስ የሚጠብቅ ሕግ ያወጡት ከተሞች ከ500 በላይ መሆናቸውን ጠቅሶ፥ ሕጉን አጸና።

ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ሆኖም እውነተኛ ታሪክ ነውርን አይሸሽግም። በቻርልስተን አሮጌዎቹ ቤቶች ሲታደሱ ዋጋቸውና ኪራያቸው ወደ ላይ ወጣ። በእነዚያም ቤቶች በኪራይ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ድኾች፥ ይልቁንም ጥቁሮች፥ ሰፈሩን ለቀው ሄዱ። ከ1959 ጀምሮ በአንሰንቦሮ ሰፈር የተደረገው እድሳት እንኳ በዓለም ሲመሰገን፥ የቀድሞ ተከራዮች ስንብት ብዙ አልተነገረለትም። የመስኮቱን ቅርጽ የሚጠብቅ ጉባኤ ነበረ፤ በመስኮቱ ይመለከት የነበረውን ሰው የሚጠብቅ ግን አልነበረም። የሚያስደንቀውም፥ የከተማዪቱ መኩሪያ የሆኑትን ከ500 በላይ የብረት በሮችና አጥሮች በእጁ የቀጠቀጠው ጥቁሩ አንጥረኛ ፊሊፕ ሲመንስ ነበር፤ እርሱም በ2009 ዐረፈ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናተርፋለን። መጀመሪያ፥ ማፍረስ የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን የፈረሰውን መመለስ አይቻልምና፥ ከመዶሻው በፊት ጥያቄ ይቅደም። ጠያቂዎቹም ከዚያው ከተማ የሚኖሩ፥ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ይሁኑ። ሁለተኛ፥ የሰፈር መልክ ግንብ ብቻ አይደለም፤ ግንቡን የሠሩትና በውስጡ የሚኖሩትም ጭምር ነው። የቤት ፊት የባለቤቱም የመንገደኛውም ነው ካልን፥ በጓዳው የሚኖረውን ተከራይ ከዚህ ድርሻ ልናስወጣው አይገባንም።