የቴሌቪዥን ጨዋታዎች አጠባበቅ ታሪክ

የብራና መጽሐፍ ገጹ እስካልጠፋ ድረስ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሁሉ ይነበባል። የቴሌቪዥን ጨዋታ ግን ፕሮግራሙን የያዘው ካርትሪጅ በደኅና ቢቀመጥም፣ የሚያሠራው መሣሪያ ከሌለ ድዳ ዕቃ ነው። ከዚህ የተነሣ የአጠባበቁ ሥራ በሁለት ይከፈላል፤ ይኸውም ፕሮግራሙን ገልብጦ ማዳንና የጠፋውን መሣሪያ ጠባይ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መመለስ ነው። ሁለተኛውን ተግባር የሚፈጽመው ፕሮግራም ኢሙሌተር ይባላል።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት የአታሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣውን መሣሪያ መመልከት ይበቃል። የመሣሪያው የማስታወሻ ክፍል 128 ባይት ብቻ ስለነበረ አንድ ሙሉ ሥዕል ሊይዝ አይችልም ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ የቴሌቪዥኑን ጨረር እየተከተለ ሥዕሉን መስመር በመስመር ያቀብል ነበር። በመሆኑም ኢሙሌተሩ የመሣሪያውን ትእዛዞች ብቻ ሳይሆን የጊዜ አጠባበቁንም ጭምር በትክክል መከተል ግድ ይሆንበታል፤ ጊዜው ከተዛነፈ ሥዕሉም ይበላሻል።

እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ የጨዋታ ገበያ በወደቀ ጊዜ አታሪ በርካታ ካርትሪጆችን በኒው ሜክሲኮ ክፍለ ሀገር፣ በአላሞጎርዶ ከተማ የቆሻሻ መጣያ ቀበረ። በ2014 ቦታው ተቆፍሮ ከወጡት ካርትሪጆች አንዱ ወደ ስሚዝሶንያን ተቋም ገባ። ዕቃው የዘመኑ ምስክር ነው፤ ጨዋታው ግን የሚታወቀው ሲጫወቱት ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ድርጅት በ2013 መጨረሻ የቆዩ ጨዋታዎችን በኢሙሌተር አማካይነት ማንም በኮምፒዩተሩ እንዲጫወታቸው ያቀረበው ይህንኑ ጉድለት ለመሙላት ነበር።

የሕጉ ጉዳይ ግን ከቴክኒኩ የከበደ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሶኒ ኮኔክቲክስ የተባለውን ኩባንያ በከሰሰበት ጉዳይ፣ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ኢሙሌተር ለመሥራት ሲባል የመሣሪያውን ውስጣዊ ፕሮግራም ለጥናት መቅዳት ተገቢ አጠቃቀም መሆኑን ወሰነ። ይሁን እንጂ ውሳኔው ጨዋታዎቹን አባዝቶ ለማደል ፈቃድ አልሰጠም። በ2023 የወጣ ጥናት በአሜሪካ ከ2010 በፊት ከታተሙት ጨዋታዎች 87 በመቶ ያህሉ በገበያ እንደማይገኙ አመለከተ። በ2024 ግን ቤተ መጻሕፍት እነዚህን ጨዋታዎች ለተመራማሪዎች ከርቀት እንዲያቀርቡ የቀረበው ጥያቄ በአገሪቱ የቅጂ መብት ባለሥልጣኖች ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም።

ከዚህ ታሪክ የመዛግብት ባለሙያ የሚቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። ማስቀመጥ የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ተጠብቆ የማይከፈት መዝገብ በአላሞጎርዶ አፈር ውስጥ ከቆየው ካርትሪጅ ብዙ አይለይም።