ባዶው መቆሚያ፦ የዲጂታል ጥበብ ታሪክና የተመልካቹ ድርሻ



እ.ኤ.አ. በ1994 በኦስትሪያዋ ሊንዝ ከተማ በሚካሄደው አርስ ኤሌክትሮኒካ ፌስቲቫል ላይ አውስትራሊያዊው የጥበብ ሰው ጄፍሪ ሾው «የወርቅ ጥጃ» የተሰኘ ሥራውን አቀረበ። በአዳራሹ የቆመው አንድ ነጭ የሐውልት መቆሚያ ነው፤ በላዩ ግን ሐውልት የለም። ተመልካቹ ከመቆሚያው ጋር በገመድ የተያያዘውን ስክሪን አንሥቶ ወደ ባዶው ስፍራ ሲመለከት፣ በኮምፒውተር የተሠራ የሚያብረቀርቅ ጥጃ ያያል። ዞር ቢል ጎኑን፣ ጎንበስ ቢል ሆዱን ያያል። አስቀድመው ከተነሡ ፎቶግራፎች የተገኘው የአዳራሹ ገጽታም በጥጃው ቆዳ ላይ ተንጸባርቆ ይታያል። ስክሪኑን ያስቀመጠ ሰው ግን የሚቀረው ባዶ መቆሚያ ነው።

ኦሪት ዘጸአትን ያነበበ የርእሱን ምጸት አይስተውም። አሮን ያሠራው ጥጃ የሚዳሰስ ነበር፤ ሕዝቡም ሰገደለት። የሾው ጥጃ አይዳሰስም፤ ሆኖም እርሱን ለማየት ጎንበስ ቀና የሚለው ተመልካች ከሩቅ ሲታይ የሚሰግድ ይመስላል። እኔ ሥራውን የማነበው እንዲህ ነው።

ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመታት ያስተማርሁት በመሣሪያዎች ቅደም ተከተል ነበር። በ1968 አይቫን ሰዘርላንድ በራስ ላይ የሚጠለቅ መሣሪያ አስተዋወቀ፤ መሣሪያው ኮምፒውተር የነደፈውን የመስመር ቅርጽ ከእውነተኛው ክፍል ጋር ደርቦ ያሳይ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የቦይንግ ተመራማሪዎች የአውሮፕላን ሽቦ የሚዘረጉ ሠራተኞችን ለማገዝ ሲጥሩ «ኦግመንትድ ሪያሊቲ» የሚለውን ስያሜ አስለመዱ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪዬ፣ «መምህር፣ እነዚህን መሣሪያዎች የያዙት ሰዎች የት አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄዋ ወደ ማይረን ክሩገር መለሰኝ። በ1970 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው «ሜታፕሌይ» ውስጥ፣ ከሥዕል አዳራሹ ርቆ በኮምፒውተር ማዕከል የተቀመጠ ሰው በጎብኚዎቹ የቪዲዮ ምስል ላይ ይነድፍ ነበር። የጣታቸውን እንቅስቃሴ እየተከተለ መስመር ሲያሰምር፣ በጣታቸው አየር ላይ የሚሥሉ መሰላቸው፤ ጨዋታውም ከዚያ ተወለደ። ክሩገር በኋላ «ቪዲዮፕሌስ» በተባለው ሥራው ምላሹን ለኮምፒውተሩ ሰጠ። በእርሱ ዘንድ የጥበቡ ማእከል በሰውና በማሽን መካከል ያለው ምላሽ እንጂ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ምስል አልነበረም።

ስለዚህ የቀድሞው ትምህርቴ ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነበር። ጉድለቱም ከመማሪያ ክፍል ያልፋል። ኮምፒውተር ያረጃል፤ ፕሮግራሙን ለአዲስ ማሽን እንደገና መጻፍ ይቻል ይሆናል። በስልክ ስክሪን ላይ ጥጃውን ማሳየትም ዛሬ ከባድ አይደለም። ነገር ግን ገመዱ የወሰነው ርቀት፣ በመቆሚያው ዙሪያ የተደረገው ዝግ ያለ ዙረት፣ ያ ጎንበስ ማለት ካልተመዘገበ፣ የምናድነው ጥጃውን ብቻ ነው።

ድንጋይ ሐውልት ቢፈርስ ፍርስራሹ ይመሰክራል። የዚህ ጥበብ ፍርስራሽ ባዶ መቆሚያ ነው፤ ባዶ መቆሚያም በራሱ አይናገርም። ስለዚህ ስለ እንዲህ ያለ ሥራ ስትጽፉ የመሣሪያውን ዓይነትና ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። ተመልካቹ የት እንደ ቆመ፣ እጁን ወዴት እንደ ዘረጋ፣ መቼ እንዳመነታ ጻፉ። የታሪክ ጸሐፊው ሥራ ከዚያ ይጀምራል።